የአንጀት ነቀርሳና የዘር ቈጠራ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ሁሉ መርሳን ያውቃታል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ መንገደኛው ቆም ብሎ ማንጎና ብርቱካን የሚገዛባት ሞቃት ስፍራ ናት። ከመርሳ ወደ ወልድያ ጥቂት አለፍ እንዳሉ ደግሞ ስሪንቃ ይገኛል፤ በዚያም በማሽላ ዘር ስሙ የታወቀ የእርሻ ምርምር ማእከል አለ። ስለ አንጀት በሽታ ልንናገር ተነሥተን ከማሽላ መጀመራችን ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችል ይሆናል። ነገር ግን የዛሬው ጉዳያችን ውርስ ነው፤ ስለ ውርስ ደግሞ ከሀብሩ ገበሬ የተሻለ ምስክር መጥራት አይቻልም።

የሀብሩ ገበሬ ማሽላው ሲደርስ ወደ አውድማ ከመውሰዱ በፊት በማሳው ውስጥ እየተዘዋወረ ዛላው የሞላውን፣ ፍሬው የጠነከረውን፣ ድርቁን ችሎ የቆመውን መርጦ ለብቻው ያስቀምጣል። ይህ ለመጪው ዓመት ዘር የሚሆነው ነው። የእናቲቱ ጠባይ ወደ ልጂቱ እንደሚተላለፍ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የስሪንቃ ባለሙያዎችም ግራና አንድ የተባለውን ማሽላ፣ በዚያው በሀብሩ በምትገኘው በግራና ስም የተጠራውን ማለት ነው፣ ለገበሬው ሲያቀርቡ የሠሩት ይህንኑ ጥንታዊ እውቀት በመዝገብና በሚዛን አጠናክረው ነው። እንግዲህ የሚያስደንቀው፣ ይኸው ዘር መራጭ ሰው አባቱ በሆድ ሕመም ሞቶ፣ አጎቱ በሆድ ሕመም ሞቶ፣ ታላቅ ወንድሙም ገና በአርባ ዓመቱ በዚያው ሕመም ሲወድቅ፣ «የሰው ዐይን ነው»፣ «መተት ተደርጎብን ነው» ከማለት በቀር በማሽላው ላይ የሚያውቀውን በቤቱ ላይ አለማሰቡ ነው። ይህን የምንለው ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። በየቢሮው ተቀምጠን ፋይል የምናገላብጠው እኛም ከዚህ የተሻለ አናደርግምና።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ አንጀት እንመለስ። ትልቁ አንጀት፣ በተለምዶ ደንዳኔ የምንለው፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ቱቦ ሲሆን፣ የውስጥ ገጹ በስስና በእርጥብ ሽፋን የተለበጠ ነው። በዚህ ሽፋን ላይ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት በየጥቂት ቀኑ እየረገፉ በምትካቸው አዲሶች ይወለዳሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን የሚወለደው ከሚረግፈው ይበልጥና በአንድ ስፍራ ትርፍ ሥጋ ይበቅላል። ይህን ሐኪሞች ፖሊፕ ይሉታል። አንዳንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ አንዳንዱም በክረምት በየጥሻው እንደሚበቅለው የጅብ ጥላ በቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል። ብዙው ፖሊፕ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ነገር ግን አዴኖማ ከሚባለው ወገን አንዳንዱ ቀስ በቀስ እየከፋ ሄዶ ነቀርሳ ይሆናል። ይህ ለውጥ በተለመደው አኳኋን ዐሥር ዓመት ያህል ወይም ከዚያም የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። በነዚህ ዓመታት ውስጥ ሐኪሙ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ፣ ኮሎኖስኮፕ የሚባለውን፣ አስገብቶ ፖሊፑን ካገኘው በቀጭን የሽቦ ቀለበት ቆርጦ ያወጣዋል፤ በሽታውም ሳይወለድ ይቀራል። ነቀርሳን ገና ሳይፈጠር ነቅሎ መጣል ከሚቻልባቸው ጥቂት የአካል ክፍሎች አንዱ ደንዳኔ ነው።

ችግሩ ፖሊፕ ሲበቅል የማያም መሆኑ ነው። ቢደማ እንኳ ደሙ ጥቂት ስለሆነ ከዐይን ይሰወራል። በግልጽ በታየ ጊዜ ደግሞ የሁላችንም ፍርድ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ «ኪንታሮት ነው» እንላለን። ኪንታሮት በእርግጥ የብዙ ሰው ሕመም ነው፤ ከሰገራ ጋር ለሚታይ ደምም ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በየከተማው ግድግዳና በየመብራት እንጨቱ ላይ «የኪንታሮት መድኀኒት እንሰጣለን» የሚለውን ጽሑፍ እያነበቡ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቅባት ሲቀቡ የኖሩ፣ በመጨረሻም ነቀርሳው ወደ ጉበት ከተሠራጨ በኋላ ሐኪም ፊት የቀረቡ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ ደም ያየ ሰው፣ ወይም የሰገራው ልማድ ያለ ምክንያት ተለውጦ ሳምንታት ያለፉበት፣ ወይም ደሙ ማነሱና ክብደቱ መቀነሱ የተነገረው ሰው፣ ኪንታሮት መሆኑን የሚያረጋግጥለት የጎረቤት ምክር ሳይሆን የሐኪም ምርመራ ነው።

ወደ ውርሱ ጉዳይ እንግባ። (ከዚህ በታች በአኃዝ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ አልድሬድ ዋርቲን የሚባል የበሽታዎች ጥናት ሊቅ ነበረ። ልብስ የምትሰፋለት አንዲት ሴት አንድ ቀን አዝና ያገኛታል። ምክንያቱን ቢጠይቃት፣ በለጋነቷ በአንጀት ወይም በማሕፀን ነቀርሳ እንደምትሞት፣ ይህንንም የምታውቀው የዘመዶቿ ሁሉ አሟሟት እንዲሁ ስለሆነ መሆኑን ነገረችው። ሌላ ሰው ቢሆን አጽናንቶ ያሰናብታት ነበር። ዋርቲን ግን ብዕር አንሥቶ የቤተ ዘመዷን ዝርዝር መመዝገብ ጀመረ፤ ውጤቱንም በ1913 ዓ.ም. አሳተመው። ሴቲቱ እንደ ፈራችው በማሕፀን ነቀርሳ ሞተች። ልብ አድርጉ! አጉሊ መነጽርም ሆነ ላቦራቶሪ አልነበራትም። የነበራት የዘር ቈጠራ ብቻ ነው፤ ከዘመኑ ሊቃውንትም ቀድማ ያየችው በዚሁ ነው።

ከዚህም በኋላ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ተዘንግቶ ቆየ። በ1962 ዓ.ም. በኦማሃ ከተማ ሄንሪ ሊንች የተባለ ወጣት ሐኪም መጠጥ የጎዳውን አንድ ሕመምተኛ ሲያነጋግር፣ ሰውዬው «የምጠጣው ቤተሰቤ ሁሉ በነቀርሳ ስለሚያልቅ፣ እኔም እንደማልተርፍ ስለማውቅ ነው» የሚል ትርጕም ያለው መልስ ሰጠው። ሊንች ዘመዶቹን እየዞረ መዘገበ፤ በ1966 ዓ.ም. የሁለት ሰፋፊ ቤተ ዘመዶችን ታሪክ አሳተመ፤ ቆይቶም የዋርቲን አሮጌ መዝገብ ተላልፎለት የልብስ ሰፊዋን ቤተሰብ ጥናት ቀጠለበት። የዘመኑ ሊቃውንት ነቀርሳ ከአካባቢ እንጂ ከዘር አይመጣም ባዮች ስለነበሩ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ የገንዘብ ድጋፍም ተነፈገው። ፍርዱ የተገኘው በ1993 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት ኤም.ኤስ.ኤች.2 የተባለው ጂን ተገለጸ። ዛሬ ሕመሙ በስሙ የሊንች ሕመም ተብሎ ይጠራል። ሊንች ይህን ሁሉ አይቶ በ2019 ዓ.ም. አረፈ።

ጂን ምንድን ነው? ስለዚህ ነገር ለመናገር የአገራችን ቁም ጸሐፊ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ አንዳንድ ፊደል መሳቱ አይቀርም። ስለዚህ የተጻፈውን ከናሙናው ጋር አስተያይቶ የሳተውን ፍቆ የሚያርም ሌላ ሰው ያስፈልጋል። በሕዋሳችን ውስጥም ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው ረጅም ጽሑፍ አለ፤ ጂን የምንለው ከዚህ ጽሑፍ አንዱን ምዕራፍ ነው። ሕዋስ ለሁለት በተከፈለ ቍጥር ጽሑፉ በሙሉ ይገለበጣል፤ ስሕተቱንም የሚያርሙ አራሚዎች አሉ። በሊንች ሕመም የተበላሹት እነዚህን አራሚዎች የሚያስገኙት ጂኖች ናቸው። ከእያንዳንዱ ጂን አንዱን ከአባታችን፣ አንዱን ከእናታችን ስለምንወርስ፣ የተበላሸ አንድ ቅጂ የወረሰ ሰው በቀረው በደኅናው ቅጂ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፤ ያድጋልም። አንድ ቀን ግን በአንጀቱ ውስጥ ባለች በአንዲት ሕዋስ ደኅናው ቅጂ ከተበላሸ አራሚ የሌለው ጽሑፍ ይሆናል፤ ስሕተት በስሕተት ላይ ይከመራል። ሌላው ሰው ሁለቱም ቅጂዎች እስኪበላሹበት ረጅም ጊዜ ሲያስፈልገው፣ እርሱ ግን ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ግማሹን መንገድ ተጉዟል። በሽታው በሰባ ዓመት መምጣት ሲገባው በአርባ የሚመጣበት ምክንያት ይህ ነው። በነዚህ ሰዎች ፖሊፑ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ዐሥር ዓመት የሚፈጀውን ለውጥ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ሊጨርሰው ይችላል። በሴቶቹ ላይ ደግሞ የማሕፀን ነቀርሳ አብሮ ያሠጋል።

ሌላም የሚወረስ ዐይነት አለ። በዚህኛው የተበላሸው ኤ.ፒ.ሲ. የተባለው፣ በ1991 ዓ.ም. የተገለጸው ጂን ነው። ሥራው የሕዋሳትን መባዛት እንደ ልጓም መግታት ነበረ። ልጓሙ በመበጠሱ ፖሊፑ ገና በልጅነት ወይም በጉርምስና ዘመን መብቀል ይጀምርና በመቶ፣ አልፎ ተርፎም በሺህ የሚቈጠር ይሆናል። ደንዳኔው በቀዶ ጥገና ካልወጣ አርባ ዓመት ገደማ ሲደርስ ነቀርሳ መሆኑ የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። እነዚህን ቤተሰቦች እየተከታተለ የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት በለንደን ሴንት ማርክስ ሆስፒታል ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ ቆይቷል። ይህ ዐይነት እጅግ ጥቂት ሰው የሚነካ ስለሆነ ከዚህ በላይ አንዘገይበትም።

በሁለቱም ዐይነቶች የተበላሸውን ጂን የያዘ አባት ወይም እናት ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያወርሰው በዘውድና ጎፈር ነው፤ ግማሽ ዕድል አለ፣ ግማሽ ዕድል የለም። ወንድ ሴት አይለይም። «እናቴን እንጂ አባቴን አልመስልም» የሚለውም አያድንም። ከዚህ ላይ ስለ ሰባት ቤት ቈጠራችን አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ይመስለናል። በአማራው አገር ለጋብቻ ዘር እስከ ሰባት ቤት መቈጠሩ ከዘመድ ጋብቻ የሚመጡ በሽታዎችን እንደሚቀንስ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ እውነትም ነው። ለምሳሌ በ2002 ዓ.ም. የተገለጸ ኤም.ዩ.ቲ.ዋይ.ኤች. የተባለ ጂን አለ፤ ፖሊፕ የሚያበዛው ከአባትም ከእናትም ተበላሽቶ ሲወረስ ብቻ ስለሆነ የሥጋ ዘመዶች ሲጋቡ ዕድሉ ይጨምራል። የሊንች ሕመም ግን አንድ ቅጂ ይበቃዋልና ሙሽራይቱ ከጎጃም ብትመጣም፣ ከባሕር ማዶ ብትመጣም ለውጥ የለውም። ሰባት ቤት መቈጠሩ በዚህ ረገድ የሚጠቅመን በሌላ መንገድ ነው። ዘሩን ቈጥሮ የሚያውቅ ሰው የቈጠራቸው ዘመዶቹ በምን እንደ ሞቱ ቢጨምርበት፣ ዋርቲን በብዙ ድካም ያገኘውን መዝገብ በእጁ አገኘ ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ሐሳብ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. በአምስተርዳም የተሰበሰቡ ሊቃውንት ቤተ ዘመዱን ለመለየት ያወጡት መመሪያ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ በሚል ቈጠራ የሚታወስ ነው። የአንጀት ነቀርሳ የያዛቸው ሦስት ዘመዶች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ለሁለቱ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ይሆናል። በሽታው ቢያንስ በሁለት ተከታታይ ትውልድ ይታያል። ከመካከላቸውም ቢያንስ አንዱ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው የታመመ ይሆናል። በኋላም የማሕፀን ነቀርሳና ሌሎች ጥቂት ነቀርሳዎች በቈጠራው እንዲገቡ ተደርጓል። ይህን ልክ ሳይሞላ የሚቀር ብዙ ቤተሰብ ስላለ፣ አንድ ወላጅ ወይም ወንድም እንኳ ቢሆን በወጣትነቱ በዚህ ሕመም የተያዘበት ሰው ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል። በሌላ ወገን ሰው በከንቱ እንዳይሸበር ማወቅ ያለበት፣ ከመቶ የአንጀት ነቀርሳ ሕመምተኞች በታወቀ የጂን ብልሽት የሚታመሙት አምስት ያህል ብቻ መሆናቸውን ነው። በሚበዙት ዘንድ ምክንያቱ እድሜ፣ አመጋገብ፣ ትምባሆ፣ መጠጥና እንቅስቃሴ አልባ ኑሮ ተደባልቆ ነው።

ታዲያ በዘሩ ውስጥ መኖሩን ያወቀ ሰው ምን ይጠቀማል? በፊንላንድ አገር የተደረገውን እንመልከት። ከሊንች ቤተ ዘመዶች የተወለዱ 252 ሰዎች ለ15 ዓመታት ክትትል ተደረገባቸው። ከነዚህ 133ቱ በየሦስት ዓመቱ አንጀታቸውን በመሣሪያ ሲያስመረምሩ፣ 119ኙ አልተመረመሩም። በ2000 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት ከተመረመሩት 8፣ ካልተመረመሩት 19 ሰዎች በአንጀት ነቀርሳ ተያዙ። ካልተመረመሩት ወገን 9 ሰዎች በዚሁ በሽታ ሲሞቱ፣ ከተመረመሩት ወገን በእርሱ የሞተ አንድም ሰው አልነበረም። ዛሬ ምርመራው ከዚያ ይልቅ ተቀራርቦ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20ዎቹ እድሜ ጀምሮ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ እንዲደረግ ይመከራል። አስፒሪን በየቀኑ ለሁለት ዓመት የወሰዱ የሊንች ሕመም ወራሾች ከዓመታት በኋላ በአንጀት ነቀርሳ የመያዛቸው ነገር በግማሽ ገደማ መቀነሱም ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ አስፒሪን ጨጓራን ስለሚያደማ ማንም በገዛ ፈቃዱ የሚጀምረው ነገር አይደለም።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛን እንጀራችን ይጠብቀናል» የሚል አይጠፋም። በኡጋንዳ ለብዙ ዓመታት የሠራው ዴኒስ በርኪት የተባለው ሐኪም፣ የአፍሪካ ገጠር ሰው ገለባና ቅርፊት የበዛበት ምግብ ስለሚመገብ የአንጀት ነቀርሳ እንደማያጠቃው በ1971 ዓ.ም. ጽፎ ነበር፤ በጥቅሉም ምግብ ትልቅ ድርሻ እንዳለው የኋላ ጥናት ደግፎታል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የነቀርሳ መዝገብ ሲያዝ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤት ከወንዶች ነቀርሳ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው የአንጀት ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። የተበላሸ ጂንን ደግሞ ጤፍም ሆነ ማሽላ አያድነውም። የጂን ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ የመርሳ ሰው ለኮሎኖስኮፕ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መጓዝ ግድ ይሆንበታል። የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች በ2021 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደረሰባቸውን ዝርፊያም የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ስለዚህ በጥቂቱ መሣሪያ አስቀድሞ የሚመረመረው ማን እንደሆነ መለየት የግድ ነው። ያንን የሚለየው ምንም ዋጋ የማይጠይቀው የዘር ቈጠራ ነው።

ይህን ስንል ግን አንድ ከባድ መሰናክል መኖሩን አንዘነጋም። «የዘር ሕመም አለባቸው» የተባለ ቤት ሴት ልጁን ለመዳር ይቸገራል። ከዚህም የተነሣ ሕመሙ ይሸሸጋል፤ ለልቅሶ የመጣው ሰው «ድንገት ሆዱን አመመው» ተብሎ ይመለሳል፤ ልጆቹም ሳይቀሩ የአባታቸውን በሽታ ሳያውቁ ያድጋሉ። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት እዚህ ላይ በታማሚው ብቻ ሳይሆን በልጅ ልጆቹ ላይ ይፈጸማል። በእኛ አስተያየት ለጎረቤት መንገር ግዴታ የለም፤ ለልጅ አለመንገር ግን በደል ነው።

እንግዲህ፣ አንባብያን ሆይ፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ በዓመት ፈቃድ ወይም በበዓል ወደየአገራችሁ መውጣታችሁ አይቀርም። ለተዝካርም ሆነ ለሶደቃ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሲሰበሰቡ ወረቀት ይዛችሁ ጠይቁ። ከወላጆቻችሁ፣ ከአያቶቻችሁ፣ ከአጎትና ከአክስት የሞቱት በምን ሞቱ? ሆዱ ተነፍቶ ነበር? ደም ያይ ነበር? እርሷስ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ፈሶባት ነበር? እድሜውን ስትጠይቁ «ገና ልጅ ነበር» የሚል መልስ ብታገኙ በዚያ አትቁሙ። የወሎ ሽማግሌ ዓመቱን በቍጥር ባይነግራችሁ እንኳ ሟቹ በስድሳ ስድስቱ ረኀብ ጊዜ ስንት ልጆች እንደ ነበሩት፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ በሕይወት መኖር አለመኖሩን፣ ከእርሱ ስንት ክረምት እንደሚያንስ ወይም እንደሚበልጥ በትክክል ይነግራችኋል። ከዚያ ተነሥቶ እድሜውን ማስላት ለጸሐፊ የሚያስቸግር አይደለም። ወረቀቱን በሁለት ግልባጭ ጻፉት፤ አንደኛው ለሐኪሙ ነው፣ ሁለተኛው በቤት ይቀመጥ።